ከጎርጎራ ሲንኳኳ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ጎርጎራ፣ ማደሪያዬ ውስጥ፣
ትንኝ ጆሮዬ ሥር ሲያዜም፣ ላፕቶፑ ጭኔን ሲያቀልጥ፣
ባሕር ዳር ከዚያ ማዶ ነው፤ በመካከላችን ጣና፣
ወዲህና ወዲያው አይለይም፣ አንድ ኩራዝ የለበትምና።

የዓሣ ማኅበሩ ሰርቨር፣ መረብ ይከመርበት በነበረ ጓዳ
ቆሟል፤ ክፍሉ ዛሬም ቆሮሶ ይሸታል፣ ስንቴ ቢታጠብ ቢጠዳ።
የዝና ከቤቷ ደወለች፤ «ዘጋብኝ» አለች «በሩን!
ሊነጋ ነው፤ አስጋሪው ሲመለስ በየትኛው ዝርዝር ልክፈል ብሩን?»

እኔም ሞከርኩ። አድራሻውን ጻፍኩ፤ ገና ስሜን ሳልነግረው
«እምቢ» አለኝ፤ ቶሎ፣ አበዳሪ ደጁ እንዳየ ሰው።

ሥራውን ያልለመደ እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል።
እኔን ግን ልቤ መለስ አለ፤ ዝምታ ከዚህ ይብሳል።
ዝም ሲል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ መብራት የለም ማዶ፣
ወይ ፋየርዎሉ ጥያቄሽን ውጦ ተጋድሟል እንደ ዘንዶ፤
ድንጋይ ጉድጓድ ወርውረሽ፣ ውኃ መምታቱን ትጠብቂያለሽ፣
ትጠብቂያለሽ።
እምቢ ያለሽ ግን አለ። ሰምቶሻል። ቆሞ ነው የመለሰሽ።

(ወንድሜ ደምሳሽ ሦስት ዓመቱ። ያባታችን ቤት ሲሸጥ
ተጣላን። «አትድረሽብኝ» ቢለኝ በወደድኩ፤ ስልኩ ግን ጸጥ።)

ፒንግ ላክሁ። አራቱም ተመለሱ፣ አንዲት እንኳ ሳትቀር።
እንግዲህ ቤቱ ሰው አለበት፤ ያልተከፈተው በር።
የይለፍ ቃሉ አይደለም ጥፋቱ፤ እዚያ ገና አልደረስኩም፤
የዝናንም የሰረዛት የለ፣ ስሟ ከመዝገብ አልጠፋም።
ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ፦ ያ በር፣ ያ ቁጥር፣
ከልደት ቀኔ በላይ የማውቀው። ከውስጥ የሚያደምጥ የለም።

ጥበቃው ዘንድ ደወልኩ። «ጋሽ አንማው፣ ቀሰቀስኩህ?»
«ማን ተኝቶ!» አለ ቆጣ ብሎ። «ደግሞ ምን ጠፋብሽ?»
«መብራት ሄዶ ነበር?»
«ከራት በኋላ። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ አንድ ባንድ ተነሡ ሁሉም።
የትኛው ቀድሞ እንደነቃ እንጃ፤ እኔ ማሽን አልቀሰቅስም።»

«ግባና ቁጥሩን አንብብልኝ።» «ቆይ እንጂ፣ የታል መነጽሬ!»
ጥቁሯን መስኮት አስከፈትኩት፣ ፊደል በፊደል ነግሬ።

«መቶ ዘጠና ሁለት። ነጥብ። መቶ ስድሳ ስምንት። ነጥብ። አንድ።
ደግሞ ነጥብ። አርባ አንድ።»
«አሥራ አራት ማለትህ ነው?»
«ልጅት፣ ማንበብ ልታስተምሪኝ ነው? አርባ አንድ አልኩሽ፣ አርባ አንድ!»

አሥራ አራት ነበር ስፍራው፤ እኔው ነኝ ቋሚ ያላረግኩለት፣
ነገ፣ ነገ እያልኩ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ቀድማ የነቃችው
የደረሰኝ ማተሚያዋ፣ ወንበሩን ባዶ አግኝታ ተቀመጠችበት።
ለካ ሌሊቱን ሙሉ በፕሪንተር ደጅ ነው፣ እጄ እስኪዝል የማንኳኳ!
እሷስ ምን ታድርገኝ? «እዚህ የለም» ማለቷ ነበር።
ቂም አልያዘችብኝም፤ ጭራሽ አታውቀኝም እንኳ።

አርባ አንድን ጻፍኩ። ስሜን ጠየቀኝ። ገባሁ።
የአስጋሪዎቹ ዝርዝር ወረደ፤ ላመስግን፣ ምንይችል፣ ጥሩሰው፣
የቆሮሶ ኪሎ፣ የአምባዛ ኪሎ፣
እምቦጭ ለቀደደው መረብ የተቀነሰ ብር።
ለየዝና «ክፍት ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ጣና ላይ ሰማዩ አመድ መስሏል።

ስልኩን መዝጋት አቃተኝ።
«ጋሽ አንማው... ደምሳሽ ያንተ ሰፈር አይደል ያለው፣ ሽምብጥ?
ቁጥሩን ቀይሮ ይሆን እንዴ?»
ዝም አለ። ጄኔሬተሩ ይሰማኛል፤ ከኋላው ውኃው ድንጋይ ሲልስ።
ከዚያ የመነጽሩ ቤት ጠቅ ሲል።
«ጻፊ» አለኝ። «ዜሮ ዘጠኝ...»